የአካባቢ ታሪክ ሽልማት ለማን ይሰጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። አቃቂ ጫፍ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ ኅብረተሰብ ነው የማስተምረው። ወላጅ መምህር ኅብረቱ ዘንድሮ የአካባቢውን ታሪክ በፈጠራ ላስተማረ መምህር ሽልማት እንስጥ አለና ኮሚቴው ውስጥ እኔን ጣሉኝ። እስከዛሬ ሰርተፊኬትና ጋቢ የሚሸለመው ወይ ልጆቹ ሚኒስትሪ ላይ ጥሩ ያመጡለት ነው ወይ ደሞ በቃ ለቢሮ የሚቀርበው። አሁን አንዷ ልጆቹን አባ ሳሙኤል ግድብ ወሰድኩ ትላለች፣ ሌላው በካርቶን ላሊበላን አሠርቻለሁ ይላል፣ ሁሉም የኔ ይበልጣል ነው። ፈጠራ በምን ይለካል? ሌላ አገርስ እንዴት ነው የሚሸልሙት?
ግራ የገባት መምህርት

መልስ፦ መምህርት፣ ከውጪው ልጀምርልዎት። አሜሪካ ውስጥ ጊልደር ለርማን የሚባል የታሪክ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የዓመቱን የታሪክ መምህር ይሸልማል፣ መጀመሪያ ከየስቴቱ አንድ ሰው ተመርጦ 1,000 ዶላር ያገኛል፣ ከነሱ መሃል አገር አቀፉን ያሸነፈው ደሞ 10,000 ዶላር። ጥቆማው ከተማሪም ከወላጅም ከባልደረባም ይመጣል፣ ለትምህርት ቤቱ ላይብረሪም መጻሕፍት ይሰጣሉ። የስቴትና የአካባቢ ታሪክ ማኅበር የሚሉት ደሞ አለ፣ እሱ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የመንደርና የከተማ ታሪክ ላይ የተሠራን ሥራ ነው የሚሸልመው፣ ትንሽ ሙዚየምም በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሰውም እኩል ይወዳደራል። እኔ የወደድኩት ይሄንን ነው፣ የሰፈር ታሪክ ተብሎ አይናቅም።

ወደናንተ ስመጣ፣ ካርቶኑ ላሊበላ ያምራል፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸው ሠርተውት ይሆናል፣ ግን የእጅ ሥራ ውጤት ስጡበት እንጂ የአካባቢ ታሪክ እኮ አይደለም፣ ላሊበላ አቃቂ አይደለም። የግድቡ ጉዞም ዝም ብሎ አያሸልምም፣ ልጆቹ ሳንድዊች በልተው ፎቶ ተነስተው ከተመለሱ ሽርሽር ነው። አባ ሳሙኤል ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ 6.6 ሜጋዋት፣ ለረጅም ዓመት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ጀመረ። ለምን ቆመ፣ መብራቱ ያኔ ለማን ነበር የሚሄደው፣ ግድቡ አጠገብ ያሉት ገበሬዎችስ መቼ መብራት አዩ? ልጆቹ ይሄን ጠይቀው መልስ ይዘው ከመጡ መምህርቷ ሽልማቱ ይገባታል።

ፈጠራ የምለው ልጁ መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር በራሱ ማስረጃ ሲያገኝ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂን አልፎ ነው የመጣው፣ ስለዚህ እናንተ ሰፈር ባቡር ላይ ወይ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ ጡረተኛ አይጠፋም። አንድ ልጅ አንዱን ሽማግሌ ይጠይቅ፣ ሌላው ሌላውን፣ ሁለቱ የተለያየ ነገር ቢያወሩ ክላሱ ቁጭ ብሎ የቱን እንመን ለምንስ ብሎ ይከራከር። ሌሰን ፕላን ላይ በደንብ የማይጻፍ ነገር ነው ግን ትምህርቱ እዛ ጋ ነው ያለው። የሰፈሩ ስም ወይ መሬቱ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በፊት የማን እርሻ እንደነበር ከተነሳ ደሞ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሽማግሌም አማርኛ ተናጋሪም ይጠየቁ፣ ነገሩ ያከራክራል ብሎ ኮሚቴው መምህሩን ነጥብ እንዳይቀንስበት። እንደውም ይጨምርለት።

ዶክመንት ጠይቁ ግን የተዋበ ፓወር ፖይንት አትጠይቁ። የልጆቹ ደብተር ከነስህተቱ ይምጣ፣ ሌላ መምህር በሚቀጥለው ዓመት አንስቶ ሊያስተምርበት የሚችል አንድ ገጽም ይምጣ፣ ምክንያቱም መምህሩ ሲዘዋወር አብሮት የሚሄድ ትምህርት ለትምህርት ቤቱ ብዙም አይጠቅምም። ተማሪ ይጠቁም እንጂ ድምፅ አይስጥ፣ ቀልደኛው መምህር ነው የሚያሸንፈው። ከክላስተራችሁ ሌላ ትምህርት ቤት አንድ ዳኛ አምጡ፣ እርስዎም ኮሚቴ ውስጥ ካሉ አይወዳደሩ፣ ይቅርታ። ጋቢውን አትንፈጉ፣ ግን ላሸናፊው ለሚቀጥለው ዓመት የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ብር ጨምሩለት፣ አብዛኛው መምህር ከኪሱ ነው እኮ የሚያወጣው።

ጥያቄ፦ ልጄን የሰፈር ታሪክ ጠይቀሽ ነይ ብለዋታል፣ እኛ ደሞ ኮተቤ ኮንዶሚኒየም ገና መግባታችን ነው፣ ማንን ትጠይቅ?
እናት

መልስ፦ እርስዎን ትጠይቃ! ዕጣ እንዴት እንደወጣላችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ምን እንደተከፈተ፣ ይሄ ሁሉ ታሪክ ነው፣ የውል ወረቀቱን ፎቶ ታንሳው። ጊዜ ካላችሁ ደሞ ቅዳሜ የካ ተራራ ላይ ካለው ዋሻ ሚካኤል ውሰዷት፣ ካንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ዕድሜውን ትውፊቱ በጣም ወደኋላ ይወስደዋል፣ የታሪክ አጥኚዎች ደሞ በብዙ መቶ ዓመት ያሳንሱታል፣ ሁለቱንም ጽፋ ለመምህሯ ትውሰድ። መንገዱ አቀበት ነው፣ ጥሩ ጫማ ታድርግ።