ከአንደኝነት ወደ 19ኛ ደረጃ፦ ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በዘጌ እስከ 10ኛ ክፍል አንደኛ ስትወጪ ኖረሽ፣ ዘንድሮ በውጤትሽ ተመርጠሽ ባሕር ዳር በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባሽ በኋላ 19ኛ መውጣትሽን፣ እንቅልፍ ማጣትሽን፣ «ለካ ጎበዝ አልነበርኩም» ብለሽም ከተፈጥሮ ሳይንስ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ለመዛወር ማሰብሽን ገልጸሽልኛል።

በዚህ ስሜት ውስጥ እያለሽ መስክ እንዳትቀይሪ አጥብቄ እለምንሻለሁ። ማኅበራዊ ሳይንስን ወደሽው ብትመርጪ ደስ ይለኛል፤ ከሐፍረት ለማምለጥ ስትይ ግን አትምረጪው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርበርት ማርሽ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሁኔታ አጥንተው «በትንሽ ኩሬ ያለ ትልቅ ዓሣ» በሚል ስያሜ አስተዋውቀውታል። ተመሳሳይ ችሎታ ካላቸው ተማሪዎች መካከል፣ ጎበዞች ተመርጠው በተሰበሰቡበት ትምህርት ቤት የሚማሩት ለራሳቸው የትምህርት ችሎታ የሚሰጡት ግምት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከኩሬ ወደ ጣና የገባ ቆሮሶ የተባለ ዓሣ መጠኑ ያው ነው፤ የተለወጡት አብረውት የሚዋኙት ናቸው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ «አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ክፍል ውስጥ መጠየቅ ተውኩ» ያልሽው ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲያቅታቸው፣ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቶሎ ተስፋ ቆርጠዋል፤ ውጤታቸውን ለሌሎች ልጆች ሲገልጹም ከአሥሩ አራት ያህሉ ከፍ አድርገው ጽፈዋል። እኛ ታላላቆችሽ ለእያንዳንዱ ውጤትሽ «ጎበዝ!» ስንልሽ፣ ሳናስበው መሳሳትን የሚያሳፍር አድርገንብሻል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ያቃተሽን አንድ የፊዚክስ ጥያቄ፣ የተሳሳትሽበትን ስሌት ሳትደልዢ፣ ለመምህርሽ አሳዪ።

የወላጆችሽን ጭንቀትም እረዳለሁ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ቢሆንም «ሐኪም ትሆናለች» የሚለው ተስፋቸው እንቅልፍ እየነሳሽ መሆኑን ራስሽ ንገሪያቸው፤ ከከበደሽ አንድ የምታምኚው መምህር አብሮሽ ይሁን።

እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም የመኖር ፍላጎትሽ ከቀነሰ ግን ለትምህርት ቤትሽ አማካሪ ሳትዘገዪ ተናገሪ፤ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የመስክ ምርጫውን ደግሞ ደህና መተኛት ስትጀምሪ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ እንኳ የማትተዪው ትምህርት የትኛው እንደሆነ ጽፈሽልኝ እንመለስበታለን።