ቆሎ ቢያንቀውስ ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

«የ10 ወርና የ3 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ነው። አንዱን የሆነ ነገር ቢያንቀው ጤና ጣቢያ እስክደርስ ምን ላድርግ?» ላልሽው፦ ጤና ጣቢያ እስክትደርሺ አይጠብቅሽም። ትንፋሽ ከተዘጋ ከ4 ደቂቃ ገደማ ጀምሮ አንጎል ይጎዳል። ባጃጅ የሚጠራ ሌላ ሰው ይሁን፤ አንቺ እዚያው በቆምሽበት ጀምሪ።

1. ትንታንና መታነቅን ለዪ። ትን ያለው ይስላል፣ ያለቅሳል። ተዪው፣ ይሳል፤ ውሃም አትስጪው። የታነቀው ግን አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ አያወጣም፤ ከንፈሩ ይጠቁራል።

2. የ10 ወሩን በሆዱ ክንድሽ ላይ አስተኝተሽ ክንድሽን ጭንሽ ላይ አሳርፊ። አገጩን ደግፊ፣ ጉሮሮውን አትጫኚ፤ ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ ይበል። በመዳፍሽ ሥር በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቺ፤ ምቱ ጠንከር ይበል፣ ማባበል አይደለም። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠሽ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብሎ የደረቱን አጥንት 5 ጊዜ ተጫኚ፣ 4 ሳንቲሜትር ያህል። እንዲህ እያፈራረቅሽ ቀጥዪ። ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሆዱን አትጫኚ፤ ጉበቱ ይጎዳል። የ3 ዓመቱን ከኋላው ተንበርክከሽ ወደ ፊት አጎንብሺው፣ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቺ፤ ከዚያ የተጨበጠ እጅሽን ከእምብርቱ ከፍ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቢ።

3. ጣት! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሽምብራ ክብ ነው፣ በምራቅ ይሙለጨለጫል፤ ሳታዪ በጣት ስትፈልጊው ወደ ታች ትገፊዋለሽ፤ በከፊል የተዘጋውን ሙሉ በሙሉ ትዘጊዋለሽ። በዓይንሽ ካየሽው ብቻ በትንሿ ጣትሽ ከጎን ጠልፈሽ አውጪው። አያቶችም ቅቤ ያስውጣሉ፣ ልጁን በእግሩ ዘቅዝቀው ያርገፈግፋሉ። ከፍቅር ነው፣ ግን ደቂቃ ይበላል። ከነገ ጀምሮ በትሕትና ንገሪያቸው።

ልጁ ራሱን ስቶ ከዛለ ፍራሽ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ አስተኚው። ደረቱን 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኚ፣ አፉን ከፍተሽ እዪ፣ ከዚያ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጪ። ለሕፃኑ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍሽ ሸፍኚ።

ያነቀው ነገር ወጣ ብለሽ ደስ ካለሽ በኋላም ሳሉ ከቀጠለ ወይም ትንፋሹ ካፏጨ ወደ ሆስፒታል ውሰጂው። ባቄላና ለውዝ በኤክስሬይ አይታዩም፤ ሳንባ ውስጥ ደግሞ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ያብጣሉ። «ፊልሙ ንጹሕ ነው፣ ጉንፋን ነው» ብሎ ሽሮፕ አስይዞ የሚመልስሽ አይጠፋም። «ቆሎ እየበላ ሳለ በድንገት ነው የጀመረው» በዪ፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የአየር ቧንቧውን በመሣሪያ ገብቶ የሚያይ ሐኪም ዘንድ ይላኩሽ።

ቆሎና ለውዝ 5 ዓመት እስኪሞላው አይቅመስ። የኋለኞቹ ትልልቅ መንጋጋዎች የሚበቅሉት 2 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያም በኋላ ማኘክ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ቡና ሲፈላ የቆሎው ሰፌድ መሬት ላይ አይቀመጥ። እንግዳ ከሄደ በኋላ ከምንጣፉ ሥር የተንጠባጠበውንም ልቀሚ፤ የ10 ወሩ ከአንቺ በፊት ያገኘዋል። ልጁን የምታዝል ታላቅ እህት ካለችው ደግሞ እሷን በጨርቅ አሻንጉሊት አለማምጃት፦ 5 ምት፣ ገልበጥ፣ 5 ጫን። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ ቤት የምትቀረው እሷ ናት።