ሲስተር፣ ጫማዬ አልገባ አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንደምን ነዎት? የ26 ዓመት ሴት ነኝ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰጡር ነኝ፣ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ችግሬ እግሬ ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ይወጣል፣ ማታ ስገባ ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለኝም፣ ከባቴ እስከ ጣቴ አንድ ወጥ ሆኖ ነው የማገኘው። የምሰራው ልብስ መሸጫ ሱቅ ነው፣ ባለቤቷ ደንበኛ ባይኖርም ቁጭ ስንል ደስ አይላትም፣ ከዛ ታክሲ ሰልፍ አለ፣ ባስ ካገኘሁም ቆሜ ነው የምመጣው። ጫማዎቼ በሙሉ እምቢ ብለውኝ በባለቤቴ ነጠላ ጫማ ነው ሥራ የምሄደው። አማቴ ውሃ ስለምታበዢ ነው ቀንሺ ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ እኔ ለግፊቴ የምወስደው ሽንት የሚያሸና ኪኒን አለ ልስጥሽ አለችኝ፣ እስካሁን አልወሰድኩም። ሌላዋ እግር ካበጠ ወንድ ነው ብላ ስም ማውጣት ጀምራለች። ባለፈው እሁድ ቀለበቴ አልወጣ ብሎኝ በሳሙና ነው ያወጣሁት፣ ጠዋትም ፊቴ ነፋ ይላል፣ ከእንቅልፍ ይሆናል። ያለፈውን ክትትል ፈቃድ ስለከለከሉኝ አልሄድኩም። ለእግሬ ምን ላድርግለት?

መልስ፦ የኔ እናት፣ መልእክትሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሙሉውን ስለ እግርሽ ጽፈሽ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀለበትሽ ነው፣ እሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አርገሽው አለፍሽ። ስለዚህ ይሄ እስኪታተም አልጠበቅኩም፣ በላክሽው ስልክ ደውዬ ነገ ሥራ ቀርተሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኩሽ፣ ሄድሽም፣ ግፊትሽ 116 በ74፣ ሽንትሽም ፕሮቲን የለውም ተባልሽ። ተመስገን። ለምን እንደዛ እንዳጣደፍኩሽ ግን ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

እግር ብቻ ሲያብጥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይታወቃል። በእርግዝና የሴቷ ደም መጠኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይጨምራል፣ ሰውነቷ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ በዛ ላይ የከበደው ማህፀን ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ስር ይጫነዋል፣ ወደ ታች የወረደው ደም መመለስ ሲያቅተው ውሃው ከስሩ ወጥቶ ቆዳ ስር ይጠራቀማል። እንዲህ አይነቱ ማታ ይብስና ሲተኙበት ይቀንሳል፣ ሁለቱም እግር ላይ ነው፣ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብለሽ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣትሽ ጫን ብለሽ ስትለቂው ጉድጓድ ይቀራል፣ ልክ የቦካ ሊጥ በጣት እንደመንካት፣ ከዛ ቀስ እያለ ይሞላል። ይሄ ምቾት ይነሳል እንጂ ብቻውን አይገድልም።

ቀን ሙሉ መቆም ግን ጠዋት ፊት አያሳብጥም። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ የምንፈራው ፕሪኤክላምፕሲያን ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ ነው፣ ግፊቱ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል፣ ካልተያዘ እናትየዋን እስከማንቀጥቀጥ ያደርሳል፣ የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ደግሞ ይበልጥ ያጋጥማል። ክፋቱ ምንም ሳይሰማሽ ሊጀምር ይችላል፣ ለዚህ ነው ደህና ነኝ ብለሽ መለካቱን የማትተይው። አልለቅ የሚል ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ማየት፣ በቀኝ ከጎድን ስር ወይ ልብ አፍ ላይ ህመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ከነዚህ አንዱ ከመጣ ያኔውኑ ነው የሚኬደው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወልለታል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባት ላይ ካመመ፣ ከሞቀና ከቀላ ደግሞ ያ ደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ እንዳታሺው፣ ሂጂና ይታይ።

ክትትሉን ፈቃድ ስለከለከሉሽ ቀረሁ ላልሽው፣ ይሄኛው ያናድደኛል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰጡር ሰራተኛ ለምርመራ ስትሄድ ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል ይላል፣ ከጤና ጣቢያ ወረቀት ይዘሽ መመለስ ነው። ለሴትየዋ ወረቀቱን አሳዪያትና ቁጭ የምትይበትን በርጩማም አብረሽ ጠይቂያት፣ ሸማኔ እንኳ ቁጭ ብሎ ነው የሚሰራው።

አሁን ወደ እግርሽ። የባት ጡንቻ እንደ ፓምፕ ነው፣ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ቀጥ ብለሽ ስትቆሚ ፓምፑ ቆመ ማለት ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ተረከዝሽን አንሺ መልሺ፣ አንሺ መልሺ፣ ሰው ቢያይሽም ምን አገባሽ። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ካልሽ እግርሽን አታጣምሪው፣ ቁርጭምጭሚትሽን ዙሪያውን አዙሪው። ፎቁን መውጣቱ ራሱ አይጎዳሽም፣ ቀስ እያልሽ ውጪው፣ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣቱ ግን የባለቤትሽ ሥራ ነው፣ ነጠላ ጫማውን ከወሰድሽበት ጀሪካኑን ይውሰድልሽ።

እቤት ስትገቢ መጀመሪያ እግርሽን ከፍ አርጊ። አብዛኞቻችሁ እግሬን ሰቅዬ ነበር ትሉኛላችሁ፣ ስጠይቅ ዱካ ላይ ነው ያስቀመጣችሁት፣ ዱካ ከምንም ይሻላል ግን ዝቅ ያለ ነው። ሶፋው ላይ ወይ አልጋ ላይ በግራ ጎንሽ ጋደም ብለሽ ጋቢ አጣጥፈሽ እግርሽ ስር አስገቢ፣ ከልብሽ ከፍ እስኪል፣ ሃያ ደቂቃ እንደዛ ሁኚ። ግራው ለምን መሰለሽ፣ ያ ትልቁ የደም ስር ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ስለሚያልፍ በግራ ስትተኚ ማህፀኑ ይለቅለታል። እኔ ሁለተኛዋን ሳረግዝ ቡና የማፈላው በርጩማ ላይ ተቆልምሜ ነበር፣ ሦስተኛው እስኪደርስ እግሬ ይደነዝዛል፣ ስነሳ የካልሲዬ ላስቲክ ቆዳዬ ላይ ክር የታሰረ መስሎ ይቀራል። ኋላ ጀበናውን ለእህቴ ሰጥቼ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ሲኒ እየተቀበልኩ ነው የጨረስኩት፣ ነውር ነው ያለኝም አልነበረም።

እግርን ሳፋ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ መንከርም ያሳርፋል፣ በጣም የሞቀውን ግን ተይው፣ ሙቀት ስሩን ስለሚያሰፋው እብጠቱን ያብሰዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው እግር የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ አለ፣ አቅም ካለሽ ጥሩ ነው፣ ጥበቡ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ እግርሽ ሳያብጥ ማጥለቁ ላይ ነው፣ አናቱ ተጠቅልሎ እንዳያስርሽ ብቻ። ጫማ ደግሞ ከገዛሽ ማታ ሂጂ ግዢ፣ ጠዋት የለካሽው ማታ አይገባም።

ውሃ ቀንሺ ያሉሽ አማትሽ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እብጠቱ ውሃ ነው ስንባል ከሚጠጣው የመጣ ይመስለናል፣ ግን ውሃ ብትቀንሺ እግርሽ አይጎድልም፣ ሽንትሽ ይጠቁራል፣ ሆድሽ ይደርቃል፣ ራስሽን ያምሻል፣ በቃ። እሳቸውን ሳትሟገቺ ጠጪ። ጨውን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፣ ሽሮው ላይ የሾርባ ቅመሙን ማብዛትና ቺፕሱን ግን ቀነስ አርጊ።

የጎረቤትሽን ኪኒን እንዳትነኪው። ላሲክስና መሰሎቹ ለእርግዝና እብጠት አይሰጡም፣ ደሙ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ነው የሚያጎድሉት። ለግፊት ከሚታዘዙት ውስጥ ደግሞ እንደ ኤናላፕሪል ያለው የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ ጎረቤትሽ ግማሹን ቆርሳ ስትሰጥሽ የትኛው እንደሆነ እንኳ አታውቂም። እግሬን አመመኝ ብለሽ ዳይክሎፌናክም ገዝተሽ እንዳትውጪ። ወንድ ነው ያለችሽን ደግሞ የሴትም ስም ያዢ በያት።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከቡራዩ ነው። ባለቤቴ ከወለደች 4 ቀኗ ነው፣ እርግዝናው ላይ ያላበጠው እግሯ አሁን አበጠ። እናቷ አራስ አትነሳም ብለው ከአልጋ አያስወርዷትም። ወልዳ ካበቃች በኋላ እንዴት ይሄ ይመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይመጣል። በእርግዝና የተጠራቀመው ፈሳሽ ገና መውጣቱ ነው፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ከነበረ እሱም ይጨመርበታል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ሳምንት አካባቢ በሽንትና በላብ ይጎድላል፣ ሌሊት በላብ ብትጠመቅ አትደንግጥ። ግን ፕሪኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊመጣ ስለሚችል ወልዳለች ብለህ አትዘናጋ፣ ዛሬውኑ ወስደህ ግፊቷን አስለካ፣ ራሷን ካመማት ወይ ዓይኗ ብዥ ካለባት ደግሞ ቀን ሌሊት ሳትል ውሰዳት። አልጋ ላይ ማቆየቱን በተመለከተ፣ እናትዬዋን አክብረህ ግን በግልጽ ንገራቸው፣ አራስ ሴት ደሟ ቶሎ ይረጋል፣ ሳትንቀሳቀስ ስትውል ደግሞ ይብሳል፣ አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመማት ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል ነው። ገንፎውን ይስሩላት፣ ይንከባከቧት፣ ከዛ ደግሞ ጋቢዋን ደርባ ክንዳቸውን ይዛ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር ታርግ። ብርድ ይመታታል ካሉህ ካልሲ አርግላት፣ ላስቲኩ የላላውን።