የፊት መብራት ለማጽዳት የኤሌክትሪክ ሳንደር ወይስ የንፋስ? ደሴ ላይ ለምትጀምረው ወንድሜ

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ደሴ ላይ የደበዘዘ የመኪና መብራት የማጽዳት ሥራ ልጀምር ነው፤ የኤሌክትሪክ ሳንደር ልግዛ ወይስ የንፋስ?» ነው ያልከው። ሳንደር ማለት የብርጭቆ ወረቀት እያዞረ የሚፈትግ ማሽን ነው፤ የንፋሱን የሚያዞረው አየር አምቆ ከሚያጠራቅመው ኮምፕሬሰር የሚመጣ አየር ነው። አብዛኛው ሰው «የንፋስ ግዛ፣ ባለሙያ የሚይዘው እሱን ነው» ብሎ መልሶልሃል። እነሱ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ቆመው ነው የሚያወሩት። አንተ ግን እንደ እኔ በአንዲት ጠባብ ቤት፣ በአንድ ሶኬትና በ50 ሊትር ኮምፕሬሰር የምትጀምር ነው የሚመስለኝ። እንግዲያውስ የኤሌክትሪኩን ግዛ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል።

1. የንፋስ ሳንደር ወጪው ኮምፕሬሰሩ ላይ ነው። ሳንደሩ ራሱ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እጅ አያደክምም። ግን አየር ይጨርሳል። ጎማ ስትነፋ ትንሽ ትነፋና ታቆማለህ፣ ኮምፕሬሰሩም ያርፋል። ሳንደር እረፍት የለውም። ባለ 2 ፈረስ ጉልበቷ ትንሿ ኮምፕሬሰር ላይ በደቂቃ 200 ሊትር አካባቢ ተጽፎ ታያለህ። ያ ፒስተኑ የሚስበው ነው፤ በቱቦው የሚወጣልህ ከዚያ ያንሳል። ሳንደሩ ደግሞ ሥራ ላይ ሲሆን 300 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ካርቶኑ ላይ ትንሽ ቁጥር ካየህ አትታለል። አንዳንድ አምራቾች «አማካይ ፍጆታ» ብለው የሚጽፉት ከአንድ ደቂቃ ውስጥ 15 ሰከንድ ብቻ ይሠራል ብለው አስበው ነው። አንተ መብራት ስትፈትግ 15 ሰከንድ ሠርተህ አታቆምም።

በዚህ ላይ ደሴ መሆንህን አትርሳ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ በየምቱ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ 8 ባር መድረሱ አይቀርም፣ ግን ቀስ እያለ ነው፤ ሞተሩም እስኪሞላ ድረስ ይግላል። ኮምቦልቻ ወረድ ስለሚል ትንሽ ይሻላል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ይህን ጉዳይ አዲስ አበባ ያለውን ሻጭ ፊት ለፊት ጠይቄዋለሁ። «ይቺ ኮምፕሬሰር ሳንደር ሳታቋርጥ ታዞራለች ወይ? ደሴ ነው የምሠራው» አልኩት። «ወንድም፣ አየር አየር ነው፣ ልታስተምረኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። ሳንደሩንና ኮምፕሬሰሩን አንድ ላይ ሸጠልኝ። ሥራ ላይ ሲውል የሆነውን ልንገርህ። ሳንደሩ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይዞራል፣ ነጩ ዱቄት ይበናል። ወዲያው ጌጁ መውረድ ይጀምራል። 4 ባር አካባቢ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፣ ዲስኩ መሽከርከሩን ትቶ እዚያው ባለበት ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነው መብራቱ ላይ ጥቃቅን የተጠማዘዙ ጭረቶች የሚተወው፤ የአሳማ ጅራት ይመስላሉ። በ2000 ቁጥር ወረቀት ብትፈትግ አይለቁም (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል)፣ ተመልሰህ ከ800 መጀመር ነው። ይዤለት ስመለስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ደረሰኙን እንኳን አልተቀበለኝም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ጥያቄዬ ትክክል ነበርና።

2. የኤሌክትሪክ ስትገዛ የምታያቸው ነገሮች። በራሱ ዙሪያ ብቻ የሚዞር ሳይሆን እየዞረ የሚወዛወዘው ዓይነት ይሁን። ፍጥነቱ የሚቀነስና የሚጨመር ይሁን። ወረቀቱ የሚለጠፍበት ፓድ 3 ኢንች ይሁን። 5 ኢንቹ ለበር ጥሩ ነው፤ የቪትዝ መብራት ላይ ግን ጥግ አይገባም፣ የኮፈኑንም ቀለም ይነካል። በወረቀቱና በፓዱ መሃል የምትገባ ስስ ስፖንጅ አብረህ ግዛ፣ ያለ እሷ ክብ መብራት ላይ ጠርዙን ብቻ ነው የሚበላው። ግራይንደር ላይ ወረቀት ለጥፈው የሚሠሩ አሉ፣ እንዳታደርገው። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ነው የምትዞረው። መብራቱ ፕላስቲክ ነው፣ ፖሊካርቦኔት የሚባለው፤ ሲግል ይለሰልሳል፣ ወረቀቱም ይበላዋል።

ቮልቱንም ተመልከት። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ በርካሽ ይሸጥልሃል፣ 110 ቮልት ነው። የኛ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካኸው ተቃጠለ ማለት ነው። ጎረቤቴ ያለ አንድ ልጅ ከነሽታው አይቶታል።

ውኃና 220 ቮልት አይገናኙ! የንፋሱ እውነተኛ ብልጫ እዚህ ላይ ነው፣ ውኃ ቢፈስበትም አይነዝርም። ስለዚህ እኔ 600፣ 800ና 1000ን በደረቁ በሳንደር እሠራለሁ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ 2000ንና 3000ን በእጄ በውኃ እፈትጋለሁ። እጅ ስለነካው ሥራው አይጎዳም፣ እንዲያውም ጠርዙ ይበልጥ ያምራል። መብራት ሲጠፋስ ካልከኝ፣ ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩም አብሮ ይቆማል። አቅም ካለህ በባትሪ የሚሠራውን ከሁለት ባትሪ ጋር ያዝ።

ለሁሉም ሰው የኤሌክትሪክ ይሁን እያልኩ አይደለም። የባትላሜራ ጋራዥ ውስጥ ጥግ ሰጥተውህ፣ ባለ 300 ሊትርና በሦስት ፌዝ የሚሠራ ኮምፕሬሰር ካላቸው የንፋሱን ያዝ። የሚቃጠል ሞተር የለበትም፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይግልም። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጠብታ ዘይት ስጠው፣ መስመሩ ላይ ውኃ የሚያጣራውን አስገባ፣ ታንከሩንም ማታ ማታ አፍስስ። ደሴ ጉም ሲወርድባት ከታንከሩ የሚወጣው ውኃ ያስደነግጣል።

3. ትልቅ ኮምፕሬሰር ባለመግዛት ያተረፍከውን ብር ክሊሩ ላይ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ በሚቀባው ግልጽ መከላከያ ቀለም ላይ አውለው። ሰው ሳንደር ሲያማርጥ ይከርምና በመጨረሻ በፖሊሽ አብርቶ ይሸኛል። መብራቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን አለው። ቢጫ የሚሆነው ያ ሽፋን ሲበላሽ ነው፣ አንተም ስትፈትግ የቀረውን ታነሳዋለህ። ከዚያ በኋላ ራቁቱን ነው። የኛ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ደግሞ ታቃጥላለች፣ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይደበዝዛል። ባለ ሃይሩፉ ደንበኛህ ሰኞ ገበያ ላይ ስምህን ያጠፋዋል። እኔ ጋ የሚመጡት ሹፌሮች ሌላ ቦታ አሠርተው የተመለሰባቸው ናቸው። ክሊር ቀብቼ ከሸኘኋቸው በኋላ የጓደኞቻቸውን መኪና ይዘው ነው የሚመጡት። በዚህ እኮራለሁ።

ክሊሩ ማጠንከሪያ ያለው፣ ከፀሐይ ጨረር (ዩቪ) የሚከላከል መሆኑን አረጋግጥ። ጠዋት በጉም አትርጨው፣ ነጭ ይሆንብሃል። ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ርጨው። ለመርጨት ያቺ ትንሿ ኮምፕሬሰር በደንብ ትበቃለች፣ ስለዚህ ካለችህ አትሽጣት። ማጠንከሪያው ለሳንባ መጥፎ ነው፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ማጣሪያ ያለውን አድርግ፣ በሩንም ክፈት።

ሳንደሩን ስትገዛ ሱቁ ውስጥ ሰክተህ አስነሳው። ፓዱን በመዳፍህ ቀስ ብለህ ጫን አድርገው፤ ወዲያው ዝም የሚል ከሆነ ተወው፣ ሌላ አውጣ በለው። ሻጩ ካልሰካልህም ሌላ ሱቅ ሂድ።