መንግሥቱ የቱ? አበበ የቱ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጄ ስለ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት እያጠናች "አባዬ፣ መንግሥቱ ያኔም ነበረ እንዴ?" አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር ኳስ ተጫዋቹ መንግሥቱ፣ ደራሲው መንግሥቱ እያልኩ ተምታታብኝ። ወንድማማቾች ናቸው? እግረ መንገዴን፣ ሯጯ ማሬ ዲባባስ የነጥሩነሽ እህት ናት? (አንባቢያችሁ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የልጅዎ ጥያቄ በጣም ደስ ብሎናል፣ ትልልቅ ሰውም ሲሳሳትበት ሰምተናል። ወንድማማቾች አይደሉም፣ አባታቸው ሁሉ ለየቅል ነው።

የ1953ቱ የክቡር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ንጉሡ ብራዚል ሳሉ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር ሆነው ሞከሩት፣ ከሸፈ፣ መጋቢት ላይ ተሰቀሉ። ልጅዎ ያሰበችው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ ከደርግ ጋር የመጡት ከ14 ዓመት በኋላ ነው፣ በ1983 ወደ ዚምባብዌ የሄዱት። ሁለቱም ወታደር፣ ሁለቱም የተነሱት በአንድ ንጉሥ ላይ፣ ስለዚህ ልጅ ቢምታታባት አይገርምም።

ኳስ ተጫዋቹ መንግሥቱ ወርቁ ነው፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ነበር፣ ግብፆች ሁለቴ መርተው ሁለቴም አቻ ሆነን 2 ለ 2 አለቀና ጭማሪ ሰዓት ተገባ፣ እዚያ ኢታሎ ሦስተኛዋን አገባ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛዋን ጨመረና 4 ለ 2 ሆነ፣ አምበሉ ሉቻኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። እስከ ዛሬ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ የለንም፣ ስለዚህ ይቺን ጎል ለልጅዎ ይንገሯት።

ደራሲው ደግሞ ጋሽ መንግሥቱ ለማ ናቸው፣ የ"ጠልፎ በኪሴ" እና የ"ያላቻ ጋብቻ" ጸሐፊ። እኛ ግን በጣም የምንወድላቸው የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአፋቸው እየቀዱ መጽሐፍ ማድረጋቸውን ነው፣ እሱ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ የአብነት ትምህርት ቤት ጨዋታ ከአለቃ ጋር አብሮ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ስሙን ከነአባቱ አንድ ላይ ያንብቡት እስቲ፣ "መንግሥቱ ለማ"፣ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው! የኛ ስም እንዲህ ነው፣ ያለ አባት ስም ግማሽ ነው።

አበበም እንደዚሁ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ማለት ነው፣ እንዴት ያለ በዓል እንደሆነ አስቡት! አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ አዛዡም እኚሁ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ከዚያ ድል ሦስት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ ግርግሩ ተነሳና ሌላው አበበ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጣሊያን ዘመን ሸዋ ላይ ሲዋጉ የኖሩት አርበኛ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከታገቱት ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። አምስት ዓመት ጠላት ያልጣላቸው ሰው በወገን ጥይት መሞታቸው ዛሬም ያሳዝነናል። ቦታው አሁን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ልጅዎን አዲስ አበባ ሲያመጧት ያሳዩዋት።

ወደ ማሬ ስንመጣ፣ እህታቸው አይደለችም። ሰው የተሳሳተበት ምክንያት ይገባናል፣ ነሐሴ 2007 ቤጂንግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ገንዘቤ ዲባባ 1500 ሜትር ወርቅ አገኘች፣ በዚያው ውድድር ማሬ ዲባባ ማራቶኑን ወሰደች፣ የፈረንጅ ጋዜጣ ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥረው ሁለቱም "ዲባባ" ተብለው ተጻፉ። እህትማማቾቹ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ናቸው፣ ደራርቱ ቱሉ ደግሞ የአባት ስሟ ሌላ ሆኖ ሳለ ዘመዳቸው ናት። የማሬን ለመለየት እስከ አያት መሄድ ነው፤ እሷ ማሬ ዲባባ ሁርሳ፣ እነሱ ዲባባ ቀነኒ።