የፋሲካ በግና ፈላስፋው

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ወለተ ሚካኤል ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፒተር ሲንገር ስለሚባል ፈላስፋ ተማርን። እንስሳም ሥቃይ ስለሚሰማው አርዶ መብላት ልክ አይደለም ይላል። ነገሩ ልቤን ነካው። የፋሲካ በግ መብላት ኃጢአት ነው እንዴ? እንዲህ ያለ ሰው ማንበቡስ ለእምነቴ አያሰጋም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ማንበቡን አትፍሪ። ቅዱስ ጳውሎስ «ሁሉን ፈትኑ፤ መልካሙን ያዙ» ይላል። አቴና ላይም ለፈላስፎቹ የራሳቸውን ባለቅኔ ጠቅሶላቸዋል። ግን ሁሉን ፈትኑ ሲባል ሲንገርም ይፈተናል።

ሲንገር አውስትራሊያዊ ነው። ወላጆቹ ናዚዎችን ሸሽተው ከቪየና የወጡ አይሁድ ናቸው። ስለ እንስሳት የጻፈው መጽሐፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ። መነሻው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የቤንታም ጥያቄ ነው፦ እንስሳ ያስባል ወይ፣ ይናገራል ወይ ሳይሆን ይሠቃያል ወይ?

እዚህ ላይ አልከራከረውም። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። ኦሪት የሚያበራይን በሬ አፍ አትሰር ትላለች። እግዚአብሔር ለነነዌ ሲራራ እንስሶቿንም ቆጥሯል። እኛስ? የበዓል ዋዜማ ገበያ ውጪና እዪ። ዶሮው እግሩ ታስሮ ቁልቁል እንደተንጠለጠለ ይዞራል። በጉ ሚኒባስ ጣራ ላይ ተጠፍሮ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ማታ በስመ አብ ብለን እናርዳለን። በስመ አብ ማለታችን የቀኑን ጭካኔ አያጥበውም።

መብላቱ ግን ኃጢአት አይደለም። ከኖኅ ጀምሮ ተፈቅዷል። ጾማችንንም ከሲንገር ሐሳብ ጋር አታምታቺው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋና ወተት የምንተወው ለላሟ አዝነን ሳይሆን ፈቃዳችንን ለመግራት ነው። (የጾም ኬክና የጾም በርገር ስናሳድድ ይህን የምንረሳ ብዙዎች ነን።)

አጥብቄ የምለየው ሌላ ቦታ ነው። ሲንገር ክርክሩ ወዳደረሰው ይሄዳል፤ መድረሻው ቢያስደነግጥም አይሸሽግም። እውነትን እንዲህ መፈለጉን አከብርለታለሁ። መድረሻውን ግን ተመልከቺ። አራስ ሕፃን ራሱን ስለማያውቅ የመኖር መብቱ እንደ አዋቂ ሰው አይደለም ይላል። ከባድ ጉዳት ይዞ ከተወለደ ደግሞ ወላጆቹ ከሐኪም ጋር መክረው ሕይወቱ እንዲጠፋ መወሰን ይችላሉ እስከማለት ደርሷል። በ1999 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥረው አካል ጉዳተኞች ተቃውሞ የወጡት ለዚህ ነው።

ክርስትና ሲነሣ ቆመሽ አይተሽ የለ? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ሕፃኑ ምንም አያውቅም። ያለቅሳል፤ አንዳንዴም ካህኑን ያረጥበዋል። ግን የክርስትና ስም ይወጣለታል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ምን ማሰብ እንደሚችል የሚጠይቀው የለም። የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ነው፤ ይበቃል።

በምጽዋት በኩል ግን ሰውየው ይወቅሰናል። በ1971 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ ቤንጋል (የዛሬዋ ባንግላዴሽ) ሕዝብ ሲራብና ሲሰደድ አይቶ በጻፈው ላይ እንዲህ ይጠይቃል፦ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን ብታዪ ልብሴ ይቆሽሻል ብለሽ ታልፊያለሽ? ታዲያ በሩቅ የሚራበውን ለምን ታልፊያለሽ? እግዚአብሔር አለ ብሎ የማያምን ሰው ነው ይህን የሚለው። እኛ ማቴዎስ 25ን እያነበብን በጾም የተረፈንን ገንዘብ ለበዓል ቅርጫ እናጠራቅማለን።

እና እኅቴ፣ በጾም ከተረፈሽ ላይ ለተራበ ስጪ። ፋሲካ ሲደርስ በጉን የምትገዙት እናንተ ከሆናችሁ ጣራ ላይ አይጫን። ውኃ ይጠጣ፤ ቢላውም በደንብ ይሳል።