ዓይኗ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለን ያጠፋናቸው 11 ቀናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የ54 ዓመት እናትሽን ቅቤ የበዛበት ምግብ በበሉ ቁጥር ከቀኝ ጎናቸው የሚነሳ ሕመም ለወራት ሲያሠቃያቸው እንደቆየ፣ የጨጓራ መድኃኒት ሲወስዱ እንደከረሙ፣ ከአራት ቀን ወዲህ ዓይናቸው ቢጫ እንደሆነና ዘመድ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፣ የባህል መድኃኒት ይጠጡ» እንደሚል ጽፈሻል። እዚሁ ጅማ በባለቤቴ ላይ የደረሰው ይኸው ራሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ምክንያት አንድ ክረምት ሙሉ ሆስፒታል የተመላለስሁ ሰው ስለሆንሁ፣ እኛ የከፈልነውን እናንተ እንዳትከፍሉ የማውቀውን እጽፍልሻለሁ።

1. የባህል መድኃኒቱን አይጠጡ። እምቢ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለእኛም ያመጡልን የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ በአጋሮ መንገድ ካለ አንድ የታወቀ አዋቂ ዘንድ ሄደው፣ በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው፣ በፍቅር ነበር ያመጡት። ጊዜው ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለስምንት ወር ያህል ሕመሙ እየመጣ ይሄድ ነበር፤ ሁልጊዜም ዶሮ ወጥ ወይም ክትፎ ከተበላ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻዋ ድረስ ይወጋት ነበር። አንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ጊዜ የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት አዘዘላት፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ደግሞ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። በእነዚያ ስምንት ወራት አንድም ባለሙያ እጁን በቀኝ ጎኗ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ያምሻል?» ብሎ አልጠየቃትም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዓይኗ ቢጫ ሲሆን ታዲያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ የወፍ በሽታ ነው አልን። 11 ቀን መራራውን ጠጣች። በእነዚህ ቀናት ሽንቷ እንደ ጥቁር ሻይ ሆነ፤ ሌሊት ሌሊት ሰውነቷን ማሳከኩ እንቅልፍ ከለከላት፤ መዳፏንና እግሯን እስኪደማ ድረስ ታክ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጣት ጀመር። እዚህ አካባቢ ሰው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነውና ደሟን አስመረመርን፤ ውጤቱ ወባ የለም ቢልም የወባ መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤት ተመለስን። በኋላ ሐኪሞቹ እንዳስረዱኝ፣ የቀኝ ጎን ሕመም፣ ቢጫነትና ትኩሳት ከብርድ ጋር አንድ ላይ ሲመጡ ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቱቦ ተዘግቶ በባክቴሪያ ተበክሏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ወደ ደም ተሰራጭቶ በሰዓታት ውስጥ ሰውን ሊገድል የሚችል ነገር ነው። እኛ ግን ሦስት ሌሊት ጠበቅን። ስለዚህ እናትሽ ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ ከጀመራቸው፣ ወይም ንግግራቸው ግራ ከተጋባ፣ የቀረውን ጽሑፌን ማንበብ ትተሽ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

2. የሰገራቸውን ቀለም ጠይቂያቸው። ይህን የምልሽ እኛን ያዳነችን ይህች አንድ ጥያቄ ስለሆነች ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ያገኘችን ወጣት ሐኪም ገና የባለቤቴን ዓይን እንዳየች «ሰገራሽ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» አለቻት። ባለቤቴ አፍራ ዝም አለች፤ ከዚያም ቀስ ብላ «እንደ አመድ ነጭ ሆኗል» አለች። እኔ ባሏ ይህን አላውቅም ነበር። ሐኪሟ ነገሩን በወረቀት ላይ እየሣለች አስረዳችን፦ ያረጁ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ቀለም ይወጣል፤ ጉበት ይህን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ ሰገራ ቡናማ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። መንገዱ ላይ ጠጠር ሲገተር ቀለሙ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ግን ይነጣል። በቫይረስ የሚመጣ የጉበት በሽታም ሽንትን ሊያጠቁርና አንዳንዴ ሰገራን ሊያነጣ ስለሚችል ቀለም ብቻውን አይፈርድም፤ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራም አብሮ እንዲሠራላቸው ጠይቂ። የባለቤቴ ቢሊሩቢን፣ በጤናማ ሰው ከ1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ የማያልፈው፣ 14 ደርሶ ነበር።

3. ለአልትራሳውንድ ባዶ ሆድ ይሁኑ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ምግብ፣ በተለይ ቅባትና ወተት፣ ሆድ ሲገባ የሐሞት ከረጢት ተጨምቆ ሐሞቱን ስለሚያፈስ በምርመራው ላይ ተሸብሽቦ ይታያል፤ ጠጠሩም ሊደበቅ ይችላል። እኛ ግን በዚህ የተሠቃየነው ገና ሕመሙ በጀመረ በሦስተኛው ወር ነው፤ ያኔ በራሴ ግፊት አንድ ቦታ አልትራሳውንድ ልናስነሳ ሄደን ነበር። ቀድሞ ማንም ምንም ስላልነገረን ባለቤቴ ጠዋት ሻይ በወተት ጠጥታ ሄደች። መጀመሪያ ካርድ ክፍል ያለው ሰው «የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ የጤና መድን ደብተር ይዛችሁ የምትመጡት ለምንድን ነው?» ብሎ በሰው ፊት ጮኸብን፤ ደብተራችንን በመስኮቱ ወረወረልን። ባለቤቴ ከጂረን ኮረብታ ወርዳ በሕመም ተጎብጣ ቆማ እያየችው ነው ይህን ያደረገው። ከኪሳችን ከፍለን ስንገባ ደግሞ ባለሙያው «በልታለች፣ አይታይም፣ ሰኞ ተመለሱ» አለን። ባለቤቴ ከውርደቱ የተነሣ ሰኞ አልሄድም አለች፤ እኔም አላስገደድኋትም። ያ ሰኞ ቀን ብንሄድ ኖሮ ጠጠሩ ገና ከከረጢቱ ሳይወጣ ይገኝ ነበር፤ ቢጫነቱም፣ መንቀጥቀጡም፣ ትልቁ ቀዶ ሕክምናም ባልመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የመድን አባል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ የሚጮኽባችሁ ሰው ካጋጠመሽም እናትሽን ወንበር ላይ አስቀምጠሽ አንቺ ታገዪ እንጂ ተቀይማችሁ ወደ ቤት አትመለሱ።

የመጨረሻው አልትራሳውንድ በከረጢቱ ውስጥ ብዙ ጠጠር፣ በዋናው ቱቦ ውስጥ ደግሞ የተወተፈ አንድ ጠጠር እንዳለና ቱቦው እንደሰፋ አሳየ። በአፍ በሚገባ ካሜራ ጠጠሩን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማውጣት እንደሚቻል ነገሩን፤ ለእኛ ግን ያ በዚያን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባትን የሚጠይቅ ስለነበርና እሷም ደክማ ስለነበር እዚሁ በቀዶ ሕክምና ጠጠሩና የሐሞት ከረጢቱ እንዲወጣላት ወሰንን። መጀመሪያ በደም ሥር ፀረ ባክቴሪያ ተሰጣት፤ ከዚያም ለጥቂት ቀናት የቫይታሚን ኬ መርፌ ተወጋች። ሐሞት አንጀት ሳይደርስ ሲቀር ሰውነት ይህን ቫይታሚን መቀበል ያቅተዋል፤ ጉበትም ደም የሚያረጋውን ነገር ያለ እሱ መሥራት አይችልም፤ ያለዚህ ዝግጅት ቢቀዷት ደሟ በቀላሉ ላይቆም ይችል ነበር።

ባለቤቴ የፈራችው ግን ደሙን አልነበረም። «ሐሞቴ ከወጣ ምን ሰው እሆናለሁ?» ነበር ያለችኝ። እኛ ዘንድ ሐሞት ማለት ወኔ ነው፤ ሐሞተ ቢስ መባል ስድብ ነው፤ ስለዚህ እናትሽም ይህን ቢሉሽ አትገረሚ። ሐኪሞቹ የሰጧት መልስ ልቧን አሳረፈው፦ ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው፤ ከረጢቱ ሲወጣ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሆዷ የወጣ ቀጭን ቱቦ ሐሞቱን ከውጭ ወደ ተንጠለጠለ የፕላስቲክ ከረጢት ሲያፈስ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። እኔ በየጠዋቱ መጠኑንና ቀለሙን፣ ትኩሳቷንና የሽንቷን ቀለም በደብተር እመዘግብ ነበር፤ ዙር የሚያደርጉት ሐኪሞች ከራሳቸው ሰንጠረዥ ቀጥለው የእኔን ደብተር ይጠይቁ ነበር፤ በዚህም እኮራለሁ። ቱቦው የወጣው በራጅ ሌላ ጠጠር አለመቅረቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ዛሬ ሁሉንም ትበላለች፤ ቅቤ ሲበዛ ብቻ ሆዷን ያላላታል።

አንቺም ዛሬ ማታ ደብተር አውጪና ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ ከየትኛው ምግብ በኋላ እንደሚነሣ፣ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር ሳትደብቂ ጻፊ። ትኩሳት ከሌላቸው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከጥቂት ውሃ በቀር ምንም አይቅመሱ፤ ነገ በማለዳ ይዘሻቸው ውጪ። ሰገራቸው ነጭ ከሆነ ይህን ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ አንቺ ቀድመሽ ንገሪው።